የድሮ ከተማ ፖስት ካርድ ልትገዙ ነው? የቱን ከየቱ ትመርጣላችሁ?

ድሬዳዋ ተወልዳችሁ ካደጋችሁ፣ ወይም እናታችሁ የደሴ አባታችሁ የጅማ ሰው ከሆኑ፣ የከተማችሁን የድሮ መንገድ በፖስት ካርድ ለማየት አንድ ቀን መፈለጋችሁ አይቀርም። ኢንተርኔት ላይ ገብታችሁ ስታስሱ ግን ነገሩ ይደበላለቅባችኋል። ቡናማ የሆነ ካርድ አለ። በእጅ ቀለም የተቀባ አለ። ቴምብር የተለጠፈበት፣ ጣሊያንኛ የተጻፈበት፣ ጥግ ጥጉ የተበላ፣ ትናንት የታተመ የሚመስልም አለ። ዋጋቸውም አይገናኝም። ሁለት ካርዶች ያንኑ ባቡር ጣቢያ እያሳዩ አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ ይጠየቅበታል።

መልሴን ከፊት ልንገራችሁ። ከሐውልትና ከግንብ ካርድ የተራ መንገድ ካርድ ይሻላል። ከንጹሑ የተጻፈበት ይሻላል። ማተሚያ ቤት ካተመው በፎቶ ወረቀት ላይ የታጠበው ይሻላል። ለምን እንደሆነና መቼ ይኼ ምርጫ እንደማይሠራ አብረን እንየው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ካርዶቹ ላይ በብዛት የምታገኙት እሱን ስለሆነ። የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ግንቡ ወይስ ሰፈሩ?

የጎንደርን ፋሲል ግንብ ፖስት ካርድ ለማግኘት ብዙ አትለፉም። በየዘመኑ ታትሟል፣ ዛሬም ይታተማል። ግንቡ ደግሞ ቦታው ላይ አለ፤ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። ያ ካርድ የሚነግራችሁ አዲስ ነገር ጥቂት ነው፤ የትኛው ግድግዳ ፈርሶ እንደነበር፣ ግቢው ውስጥ ምን ዛፍ እንደቆመ።

የጎንደር ፒያሳ ካርድ ግን ሌላ ነው። ጣሊያኖች የሠሩት ፖስታ ቤት ከኋላ ይታያል፣ ከፊት ደግሞ ጋቢ የለበሰ ሰው፣ የተጫነ በቅሎ፣ ገርበብ ያለ የሱቅ በር፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ልጅ። ሕንፃው ዛሬም አለ። ሱቁ፣ ልጁ፣ የመንገዱ አፈር፣ የሰዉ አለባበስ ግን ከዚያ ወረቀት ውጭ የትም የለም። ፎቶ አንሺው ያነሳው ሕንፃውን ነው፤ ለእኛ የተረፈን ግን ሳያስበው ፍሬሙ ውስጥ የገባው ነገር ነው።

ይኼ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈርሷል፣ የኮሪደር ልማቱም ከአዲስ አበባ አልፎ ጎንደርም ሐረርም ደርሷል። መንገድ ሲሰፋና ሱቅ ሲነሳ፣ ያ ቦታ ምን ይመስል ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይበዛል። የከተማችሁን ዋና መንገድ የሚያሳይ ካርድ ካገኛችሁ እንግዲህ አትለፉት።

ከዚህ ምክር ውጭ የሚሆኑት የተለወጡና የጠፉ ሐውልቶች ናቸው። የሐረሩ የራስ መኮንን ሐውልት ሰኔ 2012 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ሐውልቱ ከነፈረሱ ቆሞ የሚያሳየው የድሮ ካርድ አሁን ማስረጃ ነው። አክሱምም እንደዚያው። ሮም የሄደው ሐውልት የተወሰደው በ1937 ነው፣ የተመለሰው በ2005፣ ቦታው ላይ የቆመው ደግሞ በ2008። ስለዚህ ካርዱ ላይ ከትልልቆቹ አንዱ ብቻ ቆሞ ካያችሁ ፎቶው የተነሳው ከ2008 በፊት ነው፤ መሬት ላይ የተጋደመው ስብርባሪ ግን ብቻውን ዕድሜ አይነግራችሁም፣ ትልቁ ሐውልት ዛሬም ወድቆ ነው ያለው። ከጀርባ የአዲሱ ጽዮን ማርያም ትልቅ ጉልላት ከታየ ደግሞ ወደ 1960ዎቹ መጥታችኋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ የተመረቀው በ1965 ነውና። በመሃል ባሉት ዓመታት ሐውልቱ ሮም ውስጥ ቆሞ የሚያሳዩ የጣሊያን ካርዶችም አሉ፣ ከጀርባው በኋላ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ሕንፃ አለ። የአክሱም ልጅ ከሆናችሁ እነዚያ የሮም ካርዶች ስብስባችሁ ውስጥ ቦታ አላቸው።

የትኛው ዘመን?

የሀገራችን የከተማ ካርዶች በጥቅሉ ከሦስት ምንጭ የመጡ ናቸው፣ ሦስቱም የተለያየ ዓይን አላቸው።

የመጀመሪያው የባቡሩ ዘመን ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ ተወለደች፣ ካርዷም አብሯት ተወለደ። መንገደኛው ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ በበቅሎ ወደ ሐረር ይሄድ ስለነበር የዚያ ዘመን ካርድ በብዛት የምታገኙት የእነዚህን ከተሞች ነው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እስከ 1917 ቆይቶ ነው። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሀገራችንም አቢሲኒ ተብላ ነው የተጻፈችው።

የድሬዳዋው ሰፈር የከዚራ አንድ ካርድ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ላይ ገና የሰው ቁመት ያልደረሱ ችግኞች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ፍየል እንዳይበላቸው በእንጨት ታጥረዋል። ዛሬ ከዚራን ያየ ሰው ያን ጥላ ያውቀዋል፤ እዚህ ላይ ጥላ የለም። አንድ ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ መንገዱን ያቋርጣል፣ ጥላው እግሩ ስር ብቻ ናት፣ ማለትም ፎቶው የተነሳው ቀትር ላይ ነው፤ መንገዱ ጭር ያለውም ለዚህ ይመስለኛል፣ የድሬን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። በስተቀኝ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት አለ፣ በሩ ላይ የሱቅ ስም ተጽፏል። ካርዱ የታተመ ስለሆነ ግን ስሙ አይነበብም። ይኼን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የዚህ ዘመን ካርድ ዋና ድክመቱ አንሺዎቹ አውሮፓ ላለ ገዢ የሚገርም ነገር ፍለጋ መውጣታቸው ነው። ከመንገዱ ካርድ ጎን ለጎን ስም የሌላቸውን ሰዎች "የዚህ ብሔር ዓይነት" እያሉ ያሰለፉባቸው፣ ራቁታቸውን የቆሙ ወጣት ልጃገረዶችን የሚያሳዩ ካርዶች አሉ። እነዚያ ልጆች ፈቅደው እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እኔ አልገዛቸውም፣ እናንተም ባትገዟቸው ደስ ይለኛል። ገበያው የሚቆመው ገዢ ሲያጣ ነው።

ሁለተኛው የጣሊያን ዘመን ነው፣ ከ1936 እስከ 1941። እዚህ ላይ ስሜቴ የተደበላለቀ ነው፣ ሆኖም መናገር ያለብኝን ልናገር፦ የትንንሽ ከተሞችን መንገድ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ምንጭ የለም። ደሴ፣ ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ዓድዋ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እጅግ ብዙ ወታደርና ሠራተኛ መጣ፣ ሁሉም ለእናቱ ካርድ ይልካል። ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ቤት ሲጸዳ ከመሳቢያ የሚወጣው እሱ ነው።

ካርዱ ግን የወራሪው ካርድ ነው። አዲስ የተጠረገ መንገድ፣ አዲስ የተሠራ የአስተዳደር ሕንፃ፣ የተሰቀለ ባንዲራ ያሳያችኋል። ደሴ በታኅሣሥ 1935 ከአውሮፕላን በቦምብ የተደበደበች ከተማ መሆኗን የደሴ ካርድ አይነግራችሁም። ከመንገዱ የተነሳው ሰው ወዴት እንደሄደም አይነግራችሁም። ከነዚህ ስትመርጡ የጄኔራልና የምርኮ፣ የድል ሰልፍና የመፈክር ካርድ ተዉት፤ ገበያውን፣ መንገዱን፣ የሰፈሩን ካርድ ውሰዱ። ከሥሩ ያለውን የጣሊያንኛ መግለጫ ደግሞ እንደወረደ አትመኑት፣ የቦታ ስም አሳስተው የጻፉበት አለ።

የዚህ ዘመን ካርድ አንድ ጥሩ ነገር ዕድሜውን ራሱ መናገሩ ነው። ከኋላው ወይም ማኅተሙ ላይ በሮማ ቁጥር የተጻፈ የፋሽስት ዓመት ካገኛችሁ 1922 ላይ ደምሩት። አሥራ አምስት ካለ ከ1936 ጥቅምት መጨረሻ እስከ 1937 ጥቅምት መጨረሻ ያለው ዓመት ነው። በሳንሱር ታይቷል የሚል ማኅተም ካለበት ደግሞ ላኪው ወታደር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ባለ ቀለሙ ነው፣ ከ1960ዎቹ እስከ አብዮቱ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የመሩት የቱሪስት ድርጅት "የ13 ወር ጸጋ" ብሎ ኢትዮጵያን ለዓለም ሲያስተዋውቅ የነበረበት ጊዜ ነው። ካርዶቹ ደማቅ ናቸው፣ ከቀድሞዎቹ ተለቅ ይላሉ፣ ርካሽ ናቸው፣ በብዛትም አሉ። ግን የቱሪስቱን መንገድ ነው የተከተሉት፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ጢስ ዓባይ። የተራ መንገድ ካርድ ቢኖርም ጥቂት ነው። መንገድ ካገኛችሁ መኪናዎቹን እዩ፦ በግራ በኩል እየነዱ ከሆነ ፎቶው የተነሳው ከሰኔ 1964 በፊት ነው፣ ሀገሪቱ ወደ ቀኝ የዞረችው ያኔ ስለሆነ።

ታዲያ የቱ? ድሬዳዋንና ሐረርን ከሆነ የምትፈልጉት ከፈረንሳዮቹ ጀምሩ። ደሴን፣ ጅማን፣ ጎንደርን ከሆነ የጣሊያኑ ይሻላችኋል፣ ሌላ አማራጭም ብዙ የላችሁም። ለእናት ለአባት ስጦታ፣ ግድግዳ ላይ ለመስቀል፣ "እኔ ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ነበር" እንዲሉላችሁ ከሆነ ባለ ቀለሙን ያዙ፣ እነሱ የሚያስታውሱት ዘመን እሱ ነው። አስመራ፣ ምጽዋና ከረን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገቡም፤ ኤርትራ ከ1890 ጀምሮ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ስለነበረች ካርዳቸው ቀድሞ ጀምሯል፣ ብዛቱም ሌላ ነው። ሻጮች አንዳንዴ የከረንን ካርድ አቢሲኒያ ብለው ይለጥፉታልና ተጠንቀቁ።

የታጠበ ወይስ የታተመ?

ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይኼ ነው። ከዘመንም ከዋጋም በላይ።

የታጠበ የምለው ራሱ ፎቶ የሆነውን ካርድ ነው። ከኔጋቲቭ በቀጥታ የፖስት ካርድ ጀርባ ባለው የፎቶ ወረቀት ላይ የታጠበ። የታተመው ደግሞ ፎቶው ወደ ማተሚያ ሳህን ተገልብጦ በቀለም የተባዛ ነው። በሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ሌንስ ግዙ፣ ሰዓት ሠሪ የሚይዛት ዓይነት፣ ከዚያ ሰማዩን ወይም ግድግዳውን አስጠግታችሁ እዩ። ነጥብ ነጥብ ካለ የታተመ ነው። ነጥብ ሳይሆን የተጨማደደ ጥቃቅን መስመር ከታየ የድሮ የብርጭቆ ሳህን ኅትመት ነው፣ እሱም የታተመ ነው፣ ግን ጥራቱ ጥሩ ነው። ምንም ነጥብ ከሌለ፣ ከጥቁር ወደ ነጭ እንደ ጭስ ሳይቆራረጥ ከሄደ፣ የታጠበ ነው። ጨለማው ቦታ ላይ ካርዱን ዘንበል ስታደርጉ እንደ ብር የሚያንጸባርቅ ነገር ካያችሁ ጥርጥር የለውም፤ የድሮ ፎቶ ውስጥ ያለው ብር በዕድሜ ወደ ላይ ሲወጣ እንዲያ ይሆናል።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ያች የከዚራ ሱቅ። የታተመ ካርድ ሲያጎሉት ነጥቡ ነው የሚጎላው፣ የሱቁ ስም ከነጥቡ መሃል ጠፍቶ ይቀራል። የታጠበ ካርድ በጥሩ ስካነር፣ በ1200 ዲፒአይ ጥራት ስታነሱት ግን የሱቅ ስም፣ የመኪና ሰሌዳ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ የልጅ ፊት ይወጣል። ለሰፈር ታሪክ ይኼ ወርቅ ነው። አያታችሁ ሱቅ የነበራቸው ከሆነ ደግሞ ከወርቅም በላይ።

የታጠበ ካርድ ቁጥሩም ትንሽ ነው። ማተሚያ ቤት በሺህ ያትማል፤ የከተማ ፎቶ ቤት ግን የሚሸጠውን ያህል ያጥባል፣ ጥቂት ብቻ። ለዚህ ነው በውድ የሚሸጠው፣ ዋጋውም ይገባዋል።

የታተመው የሚሻልበትም ጊዜ አለ። ፎቶው በደንብ ሳይታጠብ የቀረ ከሆነ ይጠወልጋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ፊቱ ይጠፋል፤ የኅትመት ቀለም ግን መቶ ዓመት እንዳለ ይቆያል። የጠወለገ ፎቶ ከደህና ኅትመት ጋር ቀርቦላችሁ ከሆነ ኅትመቱን ውሰዱ። በእጅ ቀለም የተቀባው ደግሞ የራሱ ውበት አለው፣ ግን ቀለሙን እንደ መረጃ አትያዙት። ቀቢዋ አውሮፓ ተቀምጣ ነው የቀባችው፣ የሐረርን ግድግዳ ቀለም አላየችውም።

የተጻፈበት ወይስ ንጹሕ?

ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ ንጹሑን ያደንቃሉ። ጥጉ ሹል፣ ጀርባው ነጭ። እኔ አልስማማም። የተላከ ካርድ ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ሰው አለው። ንጹሕ ካርድ መቼ እንደታተመ ለመገመት ብዙ መልፋት ያስፈልጋል፤ የተላከውን ማኅተሙ ያስቀምጠዋል፣ ቢያንስ ከዚያ ቀን በፊት እንደተነሳ ታውቃላችሁ።

አብዛኛው መልእክት "ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው" ነው። አንዳንዴ ግን ላኪው በቀለም አንድ መስኮት ላይ የኤክስ ምልክት አድርጎ ከኋላ "እዚህ ነው የምንኖረው" ብሎ ይጽፋል። በዚያች ምልክት አንድ ተራ ሕንፃ የአንድ ሰው ቤት ይሆናል፣ መንገዱም አድራሻ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ካርድ ጥጉ ቢታጠፍም፣ ቡና ቢፈስበትም ግዙት።

ጀርባው ራሱም ዕድሜ ይናገራል። መሃሉ ላይ መስመር ከሌለ፣ ሙሉ ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ከሆነና ጽሑፉ ከፎቶው ሥር ተጨናንቆ ከተጻፈ ካርዱ በጣም የቆየ ነው። ጀርባውን ለሁለት መክፈል እንግሊዝ በ1902 ጀመረች፣ ፈረንሳይ በ1904 ገደማ፣ ጀርመን በ1905፣ አሜሪካ በ1907። የድሬዳዋ ካርድ ያለ መስመር ካገኛችሁ ከከተማዋ የመጀመሪያ ዓመታት አንዱን ነው የያዛችሁት።

በእጅ የተጻፈ ቀን ስታዩ ማን እንደጻፈው ተመልከቱ። በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ የኛ አቆጣጠር ነው፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምሩ። አንድን ካርድ በዚህ ብቻ ከጣሊያን ጊዜ ወደ ነፃነቱ ማግስት ልታሻግሩት ትችላላችሁ።

ቴምብሩ ጋ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምኒልክ ፖስታ ቤት በ1894 ነው የተቋቋመው፣ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በኅዳር 1908 ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ካርድ በኛ ቴምብር ብቻ አይሄድም፣ የፈረንሳይ ጅቡቲ ቴምብርም ይጨመርበት ነበር። ሁለቱም የተለጠፉበት ካርድ የቴምብር ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ነው፣ ዋጋው ሰማይ ይነካል። እዚህ ላይ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምገዛው መንገዱን ነው ወይስ ቴምብሩን? መንገዱን ከሆነ ለቴምብሩ አትክፈሉ። እንዲያውም አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ቴምብሩ ተልጦ የተወሰደበት ካርድ የቴምብር ሰው አይፈልገውም፣ ንጹሕ ወዳዱም አይፈልገውም። ፎቶው ግን ምንም አልሆነም። ለመንገድ ፈላጊ ከዚህ የተሻለ ግዢ የለም።

ኦርጅናል ወይስ ኮፒ?

ኮፒ መግዛት ነውር አይደለም። ሳሎን ላይ ለመስቀል ከሆነ ጥሩ ስካን በትልቁ አሳትሞ መስቀል ኦርጅናሉን ለፀሐይ ከማጋለጥ ይሻላል። ችግሩ ኮፒውን በኦርጅናል ዋጋ መግዛት ነው።

ስትጠራጠሩ ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ በሌንሷ ጥቁርና ነጭ ወይም ቡናማ የሆነውን ፎቶ እዩ። ቢጫ፣ ሮዝና ሰማያዊ ነጥቦች ተበትነው ካገኛችሁ የዘመኑ ፕሪንተር ነው የሠራው። ቀጥሎ ስንጥቁንና እጥፋቱን በጣታችሁ ዳብሱ። ስንጥቅ በዓይን እየታየ በጣት ካልተሰማ፣ የተሰነጠቀው ስካን የተደረገው ካርድ ነው እንጂ እጃችሁ ላይ ያለው አይደለም። በመጨረሻ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሰማያዊ መብራት ተበድራችሁ አብሩበት፣ ብዙ ሱቅ አለው። ከ1950ዎቹ ወዲህ ያለው ወረቀት ብዙ ጊዜ ማንጫ ስለሚጨመርበት ደምቆ ይበራል፤ የ1910ሩ ወረቀት ግን ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። የ1910 ካርድ ነው ተብሎ የበራ ካርድ ካያችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ልክም ይረዳል። የድሮዎቹ በአብዛኛው 9 በ14 ሴንቲ ሜትር ናቸው። 10 በ15 የሆነ "የምኒልክ ዘመን" ካርድ አጠራጣሪ ነው።

የት ትፈልጋላችሁ?

ከቤታችሁ ጀምሩ። ድሮ ፎቶ ቤቶች የሰውንም ፎቶ በፖስት ካርድ ወረቀት ያጥቡ ነበር፣ "ፖስት ካርድ አስነሳኝ" የሚባለውም ለዚህ ነው። የቤተሰብ አልበም ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች በቀስታ አውጥታችሁ ጀርባቸውን እዩ። የአድራሻ መስመርና የቴምብር ሳጥን ካለ ፖስት ካርድ ነው። ከሰውዬው ኋላ ደግሞ መንገድ ሊኖር ይችላል።

ኢንተርኔት ላይ ሁለቱ ዋና ቦታዎች ዴልካምፕና ኢቤይ ናቸው። ዴልካምፕ የቤልጅየም ነው፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሻጮች ስለሚበዙበት ለኛ ካርድ እሱ ይሻላል። ስትፈልጉ ግን እነሱ በጻፉበት ፊደል ፈልጉ። ጣሊያኖች ጅማን በጄ ሳይሆን በጂ ነው የሚጀምሩት። ፈረንሳዮች ሐረርን ብዙ ጊዜ በሁለት አር ይጽፉታል፣ የድሬዳዋን ዳዋ ደግሞ በደብልዩ ሳይሆን በኦና በዩ። በዛሬው አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ካርድ አያየውም። የጀርባውን ፎቶ ያልለጠፈ ሻጭ ካለ ጠይቁት። ጀርባውን ማሳየት ካልፈለገ ተዉት።

አውሮፓ ያላችሁ የእሑድ ገበያ ሞክሩ፣ ሮም ፖርታ ፖርቴዜ፣ ፓሪስ ደግሞ ሴንት ዋን። የካርድ ሳጥን ያለው ሻጭ ጋ "አፍሪካ" የሚለውን ክፍል ብቻ አትዩ፤ "ወታደራዊ" የሚለው ውስጥ የደሴና የጎንደር ካርድ ይደበቃል። አዲስ አበባ ያላችሁ ለመግዛት ሳይሆን ዓይናችሁን ለማሠልጠን ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ጎብኙ፣ ዋናው ፖስታ ቤት ያለው የፖስታ ሙዚየምም አለላችሁ። ብዙ ኦርጅናል ያየ ዓይን ኮፒ አያታልለውም። ከሀገር ቤት ሆኖ በዶላርና በዩሮ መክፈል ስለሚያስቸግር ግዢውን ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ማድረግ ይቀላል፣ በፖስታ ከሚመጣም ሰው ይዞት ቢመጣ ይሻላል።

ካገኛችሁ በኋላ በፕላስተር አትለጥፉት፣ በላስቲክ አትሰሩት፣ ያ የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ያለው አልበም ውስጥም አትክተቱት፤ ፕላስቲኩ ከዓመታት በኋላ ፎቶው ላይ ይጣበቃል። የፖሊፕሮፒሊን ኪስ ጠይቁ፣ ርካሽ ነው። ማስታወሻ ከጻፋችሁ ከኋላ፣ በእርሳስ፣ ቀስ ብላችሁ። ስካን ስታደርጉ ፊቱንም ጀርባውንም አንሱ፣ ፋይሉን በከተማው ስምና በዓመቱ ሰይሙት፣ ከዚያ ለከተማችሁ ልጆች ላኩት። ያን የሱቅ በር ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ እዚያ ውስጥ ይኖራል።